ሦስት ምስጋና ለካድሪ ቤይ

ኦክቶበር 21

ነገ ወደ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ካድሪ ቤይን ማሞቂያውን ያብሩልን ብዬ እጠይቃለሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ መቅረት የለም።

ኦክቶበር 22

አልወጣሁም። ልብስ አጠብኩ። ልብሱ እስካሁን አልደረቀም፤ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ነው።

ኦክቶበር 23፣ ማታ

ወጣሁ። ባልወጣ ይሻለኝ ነበር።

ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት ስለ መልካም ጠባይ የሚያስተምር መጽሐፍ አለኝ። ሽፋኑ ስለተገነጠለ ማን እንደጻፈው አላውቅም። ማንበብ የተማርኩት ብቻዬን፣ ካገባሁ በኋላ፣ ዓሣ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኛል። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ከትልቅ ሰው ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን ከማንሳቱ በፊት በቤቱ ውስጥ ያሉ ሦስት ነገሮችን ማመስገን አለበት። የባለቤቱ ልብ ይለሰልሳል ይላል።

ካድሪ ቤይ የሕንፃው ሁሉ ባለቤት ናቸው፤ ማሞቂያው ደግሞ በኪራያችን ውስጥ ነው። በሩን የከፈቱልኝ እጅጌ በሌለው ካናቴራ ሆነው፣ በታጠፈ ጋዜጣ ፊታቸውን እያራገቡ ነው። ውጭ እርግቦቹ በብርዱ ተነፋፍተው ዶሮ አክለዋል።

«ይግቡ ናዚረ ሃኒም! ሙቀቱ ጉድ አይደለም?» አሉኝ፣ እንደ እመቤት ‹ሃኒም› ብለው።

ገብቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሳቸው ክቡ ጠረጴዛ ጋ ሄደው እግራቸውን ጨርቁ ስር ከተው ተቀመጡ። የጠረጴዛው ጨርቅ ወፍራም ነው፤ እስከ መሬት ይደርሳል። ሲቀመጡ አምፖሉ ደከም አለ። ሽቦው አርጅቶ ይሆናል።

መጀመሪያ ድመቱን አመሰገንኩ። ከድመቱ ያየሁት ጅራቱን ብቻ ነው፤ ሌላው ጠረጴዛው ስር ነበር። ቀጥሎ መጋረጃውን አመሰገንኩ። ሦስተኛ የሚመሰገን ነገር ፈለግሁ። ሰዓቱ ቆሟል። የአባታቸው ፎቶግራፍ ይቆጣኛል። ምንጣፉ ላይ የቀረው ክሩ ብቻ ነው። እሳቸው እያራገቡ ይጠብቁኛል። ላብ አጠመቀኝ፤ ከጭንቀት።

«ቤትዎ እንዴት ይሞቃል!» አልኩ።

«አላልኩም?» ብለው ሊነሱ ቃጣቸው፤ ግን አልተነሱም። «ይሄ ሁሉ ሰው በረደን በረደን እያለ ያደነቁረኛል። አንዲት አስተዋይ ሴት ግን መጥታ እውነቱን ተናገረች!»

«አዎ» አልኩ።

አዎ አልኩ! ሲሸኙኝ ሦስት ሽንኩርት ሰጡኝ። ለሽንኩርቱም አመሰገንኩ።

ኦክቶበር 24

ሽንኩርቱን ጠበስኩት። ጥሩ ሽንኩርት ነው። አፍሬያለሁ።

ኦክቶበር 26

መላሃት ከፊት ለፊቴ ትኖራለች። ዛሬ ስትመጣ በሩን ያንኳኳችው በክርኗ ነው፤ እጆቿ ብብቷ ውስጥ ነበሩ።

«ናዚረ! ለሰውዬው ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?»

«ምንም።»

«ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሊጠይቁት ቢወጡ ‹ናዚረ ሃኒም ሞቀኝ ብላለች› አላቸው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወጡ፣ ‹ናዚረ ሃኒምን ጠይቁ› አላቸው። ምስክሩ ሆነሻል እኮ! ለመሆኑ ሞቆሻል?»

«አልሞቀኝም።»

«እና ምን ነካሽ?»

ስለ ሦስቱ ምስጋና ነገርኳት።

«ድመቱን ሁለት ጊዜ ብታመሰግኚ ኖሮስ?» አለችኝ።

ይህ አልታየኝም ነበር።

እሷ ራሷ መውጣት አትችልም። በረንዳ ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ አቧራው ታች ግቢው ውስጥ ተቀምጠው በነበሩት በካድሪ ቤይ ሻይ ውስጥ ከገባ ወዲህ አይነጋገሩም። የሚነጋገሩት በዘበኛው በጋሽ ዱርሱን አማካይነት ነው። ስለዚህ ጠራችው። ሁለት ቆብ ደራርቦ መጣ።

«ጋሽ ዱርሱን፣ የምድር ቤቱን ቦይለር የማታነድደው ለምንድነው?»

«ቴርሞሜትሩ ከአስራ አምስት በታች ካላለ እንዳትነካው ብለውኛል፣ እትዬ።»

«ቴርሞሜትሩ የት ነው ያለው?»

«ወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ።»

«ከውጭ በኩል?»

«ከውስጥ ነው እትዬ። ከምድጃው በላይ። ትናንት ፓስታ ሲቀቅሉ ሠላሳ አንድ ደረሰ።»

ኖቬምበር 1

ብርድ። ስጽፍ ጓንት አድርጌ ነው። ፊደሉ የሌላ ሰው ይመስላል።

ኖቬምበር 3

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ፊሊዝ ወረደች። ወሯ ገብቷል። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በሩቁ የኤርዙሩም ከተማ መንገድ ላይ ነው። የሱን ካፖርት ለብሳለች፤ ከሆዷ ላይ አይቆለፍም። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት አልጋዋን በካውያ እንደምትተኩሰው ነገረችኝ። እስከ እግርጌው ተኩሳ ስትደርስ ራስጌው ይቀዘቅዛል አለች። ሳቅን። ሳቁ እንፋሎት ሆኖ ከአፋችን ወጣ።

ከዚያ ግድግዳውን እያየች፦

«እትዬ ናዚረ፣ ሕፃኑን ወደዚህ ነው የማመጣው?»

«እስከዚያ ይበራል፣ የኔ ልጅ።»

«ማን ያስበራዋል?»

«ሻይ ልጨምርልሽ» አልኳት።

ማታ። ባሌ ሳቢት ሲያስል፣ በሞተበት ዓመትም ይህንኑ ደረጃ ወጥቼ ነበር። ያኔ መጽሐፉ አልነበረኝም፤ ከራሴ አውጥቼ ነው ያመሰገንኩት። ስወርድ «ምን አሉሽ?» አለኝ። «ነገ አሉ» አልኩት። እሳቸው ነገ አላሉም። እንዴት ይላሉ? እኔ መቼ ጠየቅኋቸው...

ይህን ልተወው። ነገ ምስር እለቅማለሁ።

ኖቬምበር 4

እንደገና ወጣሁ። የፊሊዝን በር ሳልፍ ቀጥ ብዬ ነበር የምሄደው። እላይ ስደርስ ጎበጥኩ። ካድሪ ቤይ በካናቴራ ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ ያለው ጸጉር ቆሟል።

«ናዚረ ሃኒም! መስኮት ልክፈት ወይ?»

«ኧረ አያስቸግሩ» አልኩ።

ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ያን ሁሉ ደረጃ።

ኖቬምበር 6

መላሃት ዘዴ አምጥታለች። አይኗ ሲያበራ እፈራለሁ።

«ሰውዬው ስስታም ነው አይደል?»

«እንዲህ አይባልም።»

«ነው። እንግዲህ ሳህን እንላክለት።»

«ስስታም ከሆነ ለምን እናበላዋለን?»

«አንቺ ሴት! የጎረቤት ሳህን ባዶውን ይመለሳል እንዴ? እናቱ ከመቃብር ተነስታ በጥፊ ትለዋለች። እንልካለን፣ ይሞላል። እንልካለን፣ ይሞላል። ከከሰሉ የበለጠ ሲያስወጣው ራሱ ‹ተዉኝ፣ ቦይለሩን ላብራላችሁ› ብሎ ይወርዳል።»

በዚህ አገር ባዶ ሳህን የመለሰ ሰው አላየሁም። ሳስበው ዘዴው ጥሩ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ ምንም መናገር የለብኝም።

ኖቬምበር 8

በጋሽ ዱርሱን እጅ ሐላዋ ላክሁ፤ በቅቤና በለውዝ የሠራሁት ጣፋጭ። ሳህኔ አንድ ሎሚ ይዞ ተመለሰ።

መላሃት በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ላከች። የሷ ሳህን ጨው ይዞ ተመለሰ።

«እስከ አፉ ሙሉ ነው እኮ እትዬ» አላት ጋሽ ዱርሱን። «ባዶ ነው ማለት አይቻልም።»

መላሃት የተናገረችውን አልጽፈውም።

ኖቬምበር 11

የማይታመን ነገር! ካድሪ ቤይ ሳይላክላቸው ሳህን ላኩልኝ። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ነው። ሰውን እንዲህ በክፉ ማማት ጥሩ አይደለም ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ከዚያ አንዱን አነሳሁ። በሰማያዊ ክር ታስሯል። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ቅጠል በሰማያዊ ክር የሚያስር ሰው አንድ ብቻ ነው።

ከቀትር በኋላ መላሃት መጣች።

«ካድሪ ሐላዋ ላከልኝ» አለች እየተኩራራች። «ይኸው ልቡ ተከፈተ። ግን እጁ አይረባም፤ ለውዙን አሳርሮታል።»

እኔ ለውዝ ሁልጊዜ ያርርብኛል። ከጠረጴዛው ላይ ሰማያዊውን ክር አየች። ከዚያ ተያይተን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እሷ ቶሎ አቆመች፤ «ለውዙ ግን እውነትም አሯል» አለች።

ኖቬምበር 13

በጥድፊያ። ፊሊዝ ምጥ ያዛት። ጋሽ ዱርሱን ታክሲ ለመጥራት ሲሮጥ ሁለቱም ቆቦቹ ወደቁ። አብሬያት ሄድኩ።

ሴት ልጅ። ደህና ናቸው። ሕፃኗ አንድ እፍኝ ናት።

ኤርዙሩም መንገድ በበረዶ ተዘግቷል፤ አባትየው አይደርስም። ነርሷ «ሰኞ ወደ ቤት ትሄዳለች። ቤቱ ሞቅ ያለ ነው አይደል?» አለችኝ።

«ድመት አላቸው» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ነርሷም አላወቀችም።

ኖቬምበር 14

የአሹሬ ወር ገብቷል። ሁሉም ቤት ትልቁ ድስት ተጥዷል። ስንዴው፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ዘቢቡ አንድ ላይ በስኳር ይንተከተካል። ከዚያ ሁሉም ለሁሉም ይልካል። መላሃት ማንኪያዋን እንደ አዛዥ ይዛ መጣች።

«አሁን ያዝነው! ሁሉም ቤት በአንድ ቀን አሹሬ ይልክለታል። የኔን ላንቺ፣ ያንቺን ለኔ ብሎ ማዘዋወር የለም። ድስት ሙሉ አሹሬ ላለው ሰው አሹሬ አይላክም! ሳህኑን ሁሉ ከራሱ ጓዳ አውጥቶ ይሙላ።»

«ማን ያደርሰዋል?»

«አንቺ ነሻ።»

«ጋሽ ዱርሱን ያድርሰው።»

«ዱርሱን ግማሹን ይያዝ። አንቺ ግን እዚያው ቁሚና ሲጨነቅ ‹ሳህኑ ይቅር፣ ቦይለሩን ያብሩ› በይው። አንቺን ይወድሻል። ‹በዚህ ቤት የሚገባት ናዚረ ሃኒም ብቻ ናት› ብሎታል ለዱርሱን።»

አዎ፣ ብለዋል። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ኖቬምበር 16፣ እሁድ፣ ማታ

ሁሉንም በተራው ልጻፈው።

ሁለት ትሪ ሙሉ ሳህን ይዘን ወጣን። ካድሪ ቤይ ካናቴራ ለብሰዋል፤ ከንፈራቸው በብርድ ጠቁሮ የበሰለ ፕሪም መስሏል። ሳህኖቹን በክቡ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ከጨርቁ ምንም አይታይም። ጋሽ ዱርሱን ትሪዎቹን ይዞ ሸሸ። ካድሪ ቤይ ተቀምጠው እግራቸውን ከተቱ፣ አምፖሉም ደከመ። ሳህኖቹን ያልተጠሩ እንግዶች እንደሚያይ ሰው አዩአቸው።

«ይሄን ሁሉ በምን ልሙላው?» አሉ በቀስታ።

አሳዘኑኝ። እናገራለሁ ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው «መጋረጃዎ ሁልጊዜ እንዳማረ ነው» የሚል ነው።

«እናቴ የሰፋችው ነው» አሉ።

የዚያን ጊዜ ድመቱ ከጠረጴዛው ስር ወጣ። ሙሉውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በጣም ወፍራም ድመት ነው። ሁለታችንንም በተራ አየንና ሄዶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ክፈቱልኝ እንደማለት።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። የጎማና የሱፍ ሽታ ነው።

«የሚቃጠል ነገር ይሸታል?» አልኩ።

«እኔን አልሸተተኝም።»

«እኔንም» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከጨርቁ ጠርዝ ስር ቀጭን ጭስ ወጣ። እሳቸው አዩት። እኔም አየሁት። እሳቸው ማራገቢያቸውን አነሱ፤ ያራገቡት ግን ፊታቸውን ሳይሆን ጭሱን ነው። መጽሐፉ ባለቤቱ ቢያስነጥሰው፣ ጥርሱ እንኳ ሾርባ ውስጥ ቢወድቅ እንግዳው ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ስለ ጭስ አንድ ቃል የለውም። ካድሪ ቤይ ግንባራቸው ላይ እውነተኛ ላብ መጣ። ፊታቸው ተኮማተረ። ግን አልተነሱም። ቢነሱ የጨርቁን ስር አየዋለሁ። እኔ ደግሞ አልናገርም። ብናገር ነውር ነው። እንዲህ ተቀምጠን አንድ ሰው በጨዋነት እየነደደ ነበር።

«ካድሪ ቤይ» አልኩ፣ «ጫማዎ እየተቃጠለ ነው።»

«አዎ» አሉ በትንሽ ድምፅ።

«ታዲያ ያውጡት እንጂ!»

ጮህኩ። እኔ ነኝ የጮህኩት። እግራቸውን ወረወሩ። ነጠላ ጫማቸው ጫፉ ቀይ ሆኖ ይጨሳል። አጠገቤ ያገኘሁትን ሳህን አንስቼ ደፋሁበት። የመላሃት አሹሬ ነበር፤ ወፍራም ስለሆነ ወዲያው አጠፋው። ሽምብራው እስከ ጉልበታቸው ተረጨ። ጨርቁ ተገልጦ ስለነበር ጠረጴዛው ስር ሁለት ቀይ ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲያበራ አየሁት። ሙቀቱ ፊቴን ዳሰሰኝ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለድመቱ ነው» አሉ።

ድመቱ በሩ ላይ አዛጋ።

«በርዶናል» አልኩ።

እንዴት አጭር ቃል ናት።

«ምን አሉ?»

«በርዶናል ካድሪ ቤይ። ያን ቀን ቤትዎ ይሞቃል ያልኩት ሌላ የሚመሰገን ነገር ስላጣሁ ነው። ፊሊዝ ነገ ሕፃን ይዛ ትመጣለች። ቦይለሩን አሁን ያብሩት።»

ከጣታቸው መሃል ዘቢብ አወጡ።

«ሌላ የሚመሰገን ነገር አጡ?» አሉ። ከጫማው ይልቅ ይህ ነው ያቃጠላቸው።

«መጋረጃውም ያን ያህል አይደለም» አልኩ። ምን እንደገባብኝ አላውቅም።

«እና ሳህኖቹስ?»

«ባዷቸውን ይመልሷቸው። ቦይለሩ ከበራ ማንም ምንም አይልም።»

«መላሃትም?»

«እሷን ለኔ ይተዉልኝ።»

በአንድ እግራቸው ጫማ ወደ ደረጃው ወጥተው አጎንብሰው ወደ ታች ጮሁ። «ዱርሱን! አንድደው!» ሕንፃው ሁሉ በሩን ከፈተ። ጋሽ ዱርሱን ከምድር ቤት «ቴርሞሜትሩስ?» ሲል ሰማሁት። «ቴርሞሜትሩን አብረህ አንድደው!» አሉት።

ስወርድ የፊሊዝ በር አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቧንቧዎቹ በግድግዳው ውስጥ ኳ ኳ ማለት ጀመሩ። አንድ ቃል ናት እኮ። ያኔም ያችው ቃል ነበረች። ሳቢትን «ነገ» ከምለው...

መላሃት መጥታ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። «ምን ሆነሽ ነው? ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አሹሬሽን ደፋሁት» አልኳት።

ኖቬምበር 17

ፊሊዝ መጣች። ሕፃኗን ከብርድ ልብሱ ስንፈታት እጇን ዘርግታ አዛጋች። ክፍሉ ይሞቃል። ፊሊዝ ካፖርቱን አውልቃ ምስማር ላይ ሰቀለችው፣ ከዚያ ማሞቂያው ላይ ሁለት እጇን አሳረፈች።

ካድሪ ቤይ ለሕፃኗ ሳህን ላኩ። ሙሉ ነው። ስኳር ነው። ከመላሃትም ከኔም ያልመጣ፣ የራሳቸው ስኳር።

ኖቬምበር 19

ሞቃት።

ኖቬምበር 21

በጣም ሞቃት። ጋሽ ዱርሱን ይህን ሁሉ ቀን ስለተከለከለ አሁን በአካፋ ከሰሉን ሲጨምር መዝፈን ጀምሯል። ማሞቂያውን መንካት አይቻልም። ሻማዬ ከመደርደሪያው ላይ ጎንበስ ብላለች። መንገድ ላይ በረዶ ይጥላል፤ የሕንፃው መስኮት ሁሉ ግን ተከፍቷል፤ ሰው በየመስኮቱ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይተነፍሳል። ካድሪ ቤይም በካናቴራ ናቸው አሉ፤ አሁን ግን ከልባቸው።

ከምሳ በኋላ መላሃት እጅጌ በሌለው ቀሚስ መጣች። ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

«ናዚረ፣ የኔ እህት፣ እስቲ ውጪና ትንሽ ቀንስልን በይው።»

«ሕፃኗስ?»

«ሕፃኗን ጠይቄያለሁ፤ ሸሚዟን አውልቃ ነው የተኛችው። ጎረቤቱ ሁሉ አንቺ ትሂድ ብሏል። አንቺን ይፈራሻል። አንድ ቃል ብቻ ነው።»

ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። መጽሐፌ ባለበት መስኮት ስር ተቀምጬ ነበር።

«አልሄድም» አልኳት።

«ምን?»

«አልሄድም።»

«እባክሽ፣ እየቀለጥን ነው!»

«ቅለጡ» አልኳት።

አፏን ከፍታ አየችኝ፣ ከዚያ እየሳቀች፣ እያጉረመረመች፣ ቀሚሷን እያራገበች ሄደች። በሩን ዘጋሁ። መስኮቱንም ዘጋሁት። ወንበሬን ማሞቂያው ፊት ስቤ፣ ፊቴ እስኪያቃጥለኝ ድረስ ተቀመጥኩ።